ነሀሴ ላይ አሳ ላጥምድ ያለው የአጎቴ ልጅ

የአጎቴ ልጅ ፍሎሪዳ ነው የሚኖረው፣ ስራው ሌላ ነው በሽታው ግን አሳ ማጥመድ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ከሰላምታ በፊት የአሳ ፎቶ ነው የሚልክልኝ። ባለፈው "ነሀሴ ላይ ጎንደር እመጣለሁ፣ የአሳ ጉዞ አዘጋጅልኝ፣ ግን ዝም ብለህ ቀን አትቁረጥ፣ አሳው መቼ እንደሚፈልስ መጀመሪያ አጣራ" ብሎኝ አረፈው። እኔ ከአሳ ጋር ያለኝ ትውውቅ እኮ ፒያሳ የተጠበሰ ቀረሶ በሎሚ ነው፣ እሱንም ሁዳዴ ላይ ካልተወደደ።

እዛ የሚያጠምዱት ጥልቁ ባህር ላይ አይደለም አለኝ፣ ዳር ላይ ጨዋማ ውሃ የተኛበት ሰፊ ሜዳ ነው፣ ብዙ ቦታ ከጉልበት አይበልጥም። በብዙ ቦታ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ሲሞላ ቦንፊሽ የሚባለው አሳ ሸርጣንና ሽሪምፕ ሊለቅም ሜዳው ላይ ይወጣል፣ ሲጎድል ይመለሳል፣ አጥማጁ በእግሩ እየሄደ አሳውን በአይኑ አይቶ ነው የሚወረውርለት። ታርፖን የሚሉት ግዙፉ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በፍሎሪዳ ዳርቻ በመንጋ ስለሚያልፍ ሰዉ የአመት ፈቃዱን ለዛ ነው የሚያጠራቅመው። እና የሚገርመው ይይዙትና ፎቶ አንስተው ይለቁታል። ይሄን ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ ምን አደከማቸው?" አለች።

እኛ ባህር የለንም ብዬ ልገላገል ነበር፣ በኋላ ግን ሳስበው ጣናም እኮ ይሞላል ይጎድላል፣ በቀን ሁለቴ ሳይሆን በአመት አንዴ ነው እንጂ። ሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል፣ መስከረም ጥቅምት ላይ ጫፉ ይደርሳል፣ ልዩነቱ ሜትር ከምናምን ነው። ይሄ ትንሽ ከመሰላችሁ ጣና ሰሜን ዳር ያለውን ደምቢያን አላያችሁም ማለት ነው፣ መሬቱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ስለሆነ አንድ ሜትር ውሃ ስንት ማሳ ይበላል፣ ገበሬው ውሃው ሲመለስ የሚያርሰውን መሬት ባህር ሸሽ ነው የሚለው። ክረምት ላይ ያ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት አምባዛ በሌሊት ወጥቶ ሳሩ ውስጥ ይራባል። የፍሎሪዳው ሜዳ እዚሁ ከጎንደር በ60 ምናምን ኪሎሜትር ርቀት ላይ አለ ማለት ነው፣ ያውም ጨው የሌለበት!

ፍልሰት ካልን ግን ዋናው ነጭ አሳ ነው፣ ባለሙያዎቹ ላቢዮባርበስ የሚሉት። ጣና ውስጥ 15 አይነት አለ ይባላል፣ ከነሱ ቢያንስ 7ቱ ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ። ሀምሌ ላይ ዝናቡ ሲከብድ ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ነሀሴና መስከረም ዋናው ጊዜ ነው፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በእኛ በኩል ደግሞ በመገጭና በድርማ ጭቃውን ውሃ ሰንጥቀው ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገባሉ፣ ጠጠር ያለበት ጥርት ያለ ፈጣን ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን እዛ ይጥላሉ። አንገረብ መገጭ ውስጥ ነው የሚገባው፣ እንግዲህ ከጎንደር የሚወርደው ጎርፍ ነው ለአሳዎቹ ተነሱ የሚላቸው።

ይሄን ሁሉ ጽፌ ልልክለት ስል ጣና ዳር ጎርጎራ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ጋ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ነሀሴ ላይ መገጭ አፍ ብንመጣ አሳ ይገኛል?" አልኳቸው። "ይገኛል እንጂ፣ በእጅህም ትይዘዋለህ። ግን ልጄ፣ ሆዷ ሙሉ እንቁላል ነው፣ እሷን ይዘህ ለከርሞ ምን ልትይዝ ነው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸው የሚሉት ደግሞ ወረቀት ላይም አለ፣ በፈረንጆቹ 1986 በሞተር ጀልባና በመረብ ማጥመድ ከተጀመረ በኋላ መረቡ ወንዝ አፍ ላይ እየተዘረጋ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ የሚወጡት አሳዎች 75 በመቶ ገደማ እንደቀነሱ አጥኚዎች ጽፈዋል። መንገዱ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው ነገሩ፣ ለአጥማጅ ከዚህ የቀለለ የለም፣ ለአሳው ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም።

"እኔ እኮ እለቃለሁ" አለኝ የአጎቴ ልጅ። ትለቃለህ፣ ግን እንቁላል የተሸከመች አሳ ታግላ ታግላ ደክማ ከተለቀቀች በኋላ ያን ሁሉ ጎርፍ ሽቅብ ትወጣለች? ተከራከርን፣ ትንሽም ተኮራረፍን፣ በሶስተኛው ቀን ትኬቱን ወደ ጥቅምት መጨረሻ አዞረው (ቅጣት ከፍሏል፣ እስካሁን ይነግረኛል)። ያኔ አሳዎቹ ጨርሰው ሀይቅ ተመልሰዋል፣ ውሃውም ሙሉ ነው። ከ15ቱ 8ቱ ደግሞ ሌላ አሳ የሚበሉ ስለሆኑ የሚያብለጨልጭ ነገር ከተጎተተላቸው ያሳድዳሉ፣ እንደነሱ አይነት ዘር ጥርስ የሌለው አፍ ይዞ አሳ በል መሆኑ አለም ላይ ብርቅ ነው አሉ።

አሁን የቀረን ዝርዝሩ ነው። በእግር ውሃ ውስጥ መግባት የሚባለውን ይርሳው ብዬዋለሁ፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ዋልካውም ጫማ ይውጣል፣ ጉማሬውን ሳልጨምር። ጥቅምት ደምቢያ ላይ የወባ ወቅት ስለሆነ አጎበር የግድ ነው። እምቦጩ ወደየትኛው ዳር እንደተገፋ የዛን ሰሞን ደውለን ነው የምናጣራው፣ ንፋስ ነው የሚወስነው፣ መንገዱም ሰላም ይሁን እንጂ።

ትናንት ደግሞ "ታንኳ ላይ ቆሜ መወርወር እችላለሁ?" ብሎ ጻፈልኝ። የጣና ታንኳ እኮ የደንገል እስር ነው፣ ደንገል ላይ ቆሞ! ጋሼን ጠየቅኳቸው፣ ስቀው ስቀው ሲያበቁ "መጀመሪያ ዋና ይችል እንደሁ ጠይቅልኝ" አሉ።