አሥራ አራት ቀን በተጠንቀቅ

ስልክ ደውዬ «የውትድርና ሥልጠና ልገባ ነው» ማለቴ ነው ስህተቱ። እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ለትምህርት አይደል እንዴ የሄድከው?» ብላ ስልኩን ለአባቴ አቀበለችው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ አባቴ ገና ጎረምሳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተራው ደርሶት ወደ ሰሜን ሄዷል። ስለዚያ ጊዜ አያወራም፣ እኛም አንጠይቅም። «ስንት ቀን ነው?» አለኝ። «ሁለት ሳምንት» ስለው ሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ ይሁን የሌላ ነገር አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይና ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው በሰልፍ ነው። «ጁንሹን» ይሉታል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የውትድርና አገልግሎት ሕግ ውስጥ ተካቶ፣ በማግስቱ ዓመት በተመረጡ ዩኒቨርሲቲዎች ተሞከረ። ዛሬ የማያልፍበት አዲስ ገቢ የለም ማለት ይቻላል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ የትኛውም ግቢ ብትገቡ ሜዳው ሬንጀር በለበሰ ልጅ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ።

ግዴታው ግን የቻይናውያን ነው። የውጭ ተማሪ ብዙ ጊዜ አይነካውም፤ ዶርሙ ተኝቶ ጩኸቱን ይሰማል። እኔም መተኛት እችል ነበር። ግን አንድ ዓመት ቋንቋ ተምሬ የተመደብኩት በቻይንኛ በሚሰጥ የሲቪል ምህንድስና ክፍል ነው። ከክፍሉ የውጭ ዜጋ እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ሁለት ሳምንት አብረው ላብ ሲያፈሱ ይተዋወቃሉ፣ እኔ ከዚያ በኋላ እንደ እንግዳ ከች ልል? አይሆንም አልኩ። የክፍላችንን ተጠሪ መምህር ሳስፈቅደው ሁለቴ ጠየቀኝ። «ይሞቃል እኮ» አለ።

እውነቱን ነው። ከተማዋ ዉሃን ናት፤ ቻይናውያን ራሳቸው «ምድጃ» ከሚሏቸው ከተሞች አንዷ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ የዉሃን መስከረም ቅጣት ነው። ፀሐዩ እንኳ ይቻላል፤ ወበቁ ነው የሚገድለው። ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም።

ሱሪው ቁርጭምጭሚቴ ላይ አልደረሰም። ጫማው ደግሞ በእኔ ቁጥር ያለው የመጨረሻው አንድ ጥንድ ነበር። ሶሉ ከካርቶን አይሻልም። በሁለተኛው ቀን ማታ አንዱ የክፍሌ ልጅ ተረከዜን አይቶ በሹክሹክታ «ሞዴስ ግዛ» አለኝ። በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ሞዴስ ነው፣ የሴቶቹ። ጫማ ውስጥ ይነጠፋል፤ ላብ ይመጣል፣ ተረከዝም ያሳርፋል። ሱቅ ገብቼ ስገዛ ወደ ሻጯ ቀና ብዬ አላየሁም። እሷ ግን ገና የለበስኩትን ሬንጀር ስታይ «ወፍራሙን ውሰድ» አለችኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ገዢዋ ወንድ መሆኑን ለምዳዋለች ማለት ነው።

ሥልጠናው ስል ተኩስ የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በአሥራ አራት ቀን አንድም ጠመንጃ አልያዝኩም። የሠለጠንነው መቆም ነው። ተረከዝ ይገጥማል፣ የእግር ጣቶች 60 ዲግሪ ይከፈታሉ፣ የመሐል ጣት የሱሪውን ስፌት ይነካል። አሠልጣኛችን ቢበልጠኝ በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወታደር ነው። እጃችንና ሱሪያችን መሃል የመጫወቻ ካርታ ይሰካል። ካርታው ከወደቀ ሜዳውን መዞር ነው። ላብ ለመጥረግ፣ አፍንጫ ላይ ያረፈ ዝንብ ለማባረር፣ ለሁሉም «ባኦጋኦ!» ብሎ ጮሆ ማስፈቀድ ግድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከኋላዬ አንዲት ልጅ ሳታስፈቅድ ዘፍ አለች። በፀሐዩ ራሷን ስታ ነው።

መቆሙን ለመድኩት። እኛም ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀል «ተጠንቀቅ!» «አሳርፍ!» እየተባልን ነው ያደግነው። የከበደኝ መዞሩ ነው። በቻይንኛ ወደ ቀኝ «ዮው» ነው፣ ወደ ኋላ «ሆው»። ሃምሳ ሜትር ርቆ ከሚጮህ ሰው አፍ ሲወጡ መንትያ ናቸው። ሁሉም ወደ ኋላ ሲዞር እኔ ወደ ቀኝ። ሁሉም ወደ ቀኝ ሲዞር እኔ ወደ ኋላ፣ የጎረቤቴ አፍንጫ ትከሻዬ ላይ። በሦስተኛው ቀን መላ ዘየድኩ፤ ትእዛዙን ትቼ የፊተኛውን ልጅ ትከሻ ማየት ጀመርኩ። የፊተኛው ልጅም ቀኝና ግራው የማይለይለት ኖሯል።

ማታ የነሱ ዶርም ስሄድ አልጋቸው ላይ ብርድ ልብሱ ታጥፎ፣ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) መስሎ ተቀምጧል። ፍተሻ አለ። አንዱ እንደገና ማጠፉ ስለመረረው ሌሊቱን ያለ ብርድ ልብስ ያድራል። የእኛ የውጭ ተማሪዎች ዶርም ፍተሻ የለበትም። እዚህ ላይ ግን «እኔም ልካፈል» አላልኩም።

እረፍት ላይ የማሾ ሾርባ በባልዲ ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ስኳር አለው። ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጥና ሌላው ቡድን በጩኸት ዘፈን ይጋብዘናል፤ እኛም እንመልሳለን። መስከረም 1 ቀን 2011 እዚያ ሜዳ ላይ ዋለብኝ። ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ልጆቹ በሙሉ ዝናብ እንዲጥል ይለምኑ ነበር፤ ከዘነበ ሰልፍ ይቀራላ! እኛ አገር ዝናቡ አባራ ብሎ አበባ ይዞ የሚዞር ሕፃን፣ እዚህ ዝናብ ና እያለ የሚማጠን ጎረምሳ። ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ዛሬ የአገሬ አዲስ ዓመት ነው ብዬ ለአንዱ ሹክ አልኩት። ምን ሆኜ እንደ ተናገርኩ! ወዲያው አሠልጣኙ ጆሮ ደረሰ። «ውጣ፣ ጨፍር!»

እስክስታ መታሁ። ልምታ አልኩ እንጂ፣ ትከሻዬ እምቢ አለ። ዘጠኝ ቀን ደረት ነፍቶ የከረመ ትከሻ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበርኩ። እነሱ ግን ጭፈራው እንዲህ መስሏቸው ጨበጨቡ፤ ሠላሳ ምናምን ልጅ ተነስቶም የእኔን ዝገት ኮረጀ።

የመጨረሻው ቀን የትርኢት ሰልፍ ነው። በእርምጃ 75 ሴንቲ ሜትር፣ እግር ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር። መድረኩ ላይ የቆሙት ሰው «ደክማችኋል ጓዶች!» ይላሉ፣ እኛ «ሕዝብን ለማገልገል!» ብለን በአንድ ድምፅ እናጓራለን። ማታ አሠልጣኙ ሲሰናበተን ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹም፣ «ላብ ነው» ቢሉም። በአሥራ አራት ቀን ስንቴ ሲረግሙት ሰምቻቸዋለሁ መሰላችሁ።

የሰልፉን ቪዲዮ በዊቻት፣ በቻይናውያን የመልእክት መላላኪያ፣ ለእህቴ ላክሁ። በማግስቱ አባቴ ደወለ። እሱ በራሱ ሲደውልልኝ ያ ሦስተኛው ቢሆን ነው።

«ከዳር አራተኛው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እጅህ እግርህን ይቀድመዋል። በግራ ተነስ፣ እጅህ ራሱ ይከተላል።»

ከኋላው እናቴ «ከስቷል በለው!» ስትል ይሰማኛል።