የዩዝኔት ሰርቨር በዩኒክስ ላይ አልነሳ ሲል
አይኤንኤን የተባለውን የዜና ሰርቨር፣ ማለትም የዩዝኔትን (በኢንተርኔት የሚሠራጩ የውይይት ቡድኖችን) መልእክቶች የሚያስተናግደውን ፕሮግራም፣ ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚጭን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው በመጫኑ ሳይሆን ሰርቨሩ ተነስቶ ወዲያው ሲወድቅ ነው። በእኔ እምነት በዚያን ጊዜ የማዋቀሪያ ፋይሎችን ከመነካካት በፊት በሲስሎግ (የሥርዓቱ የክንውን መዝገብ) የተመዘገበውን በጥሞና ማንበብ ይገባል፤ ሰርቨሩ የቆመበትን ምክንያት ብዙውን ጊዜ እዚያ ጽፎ ይተዋልና።

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር የፋይል ባለቤትነት ነው። ሰርቨሩ የሚሠራው ኒውስ በተባለ ተጠቃሚ ስም ስለሆነ፣ አስተዳዳሪው የሂስትሪ ፋይሉን (የደረሱ ጽሑፎች መዝገብ) እና ማውጫዎቹን ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ በሩት ስም ከፈጠራቸው ሰርቨሩ ሊጽፍባቸው አይችልም። በአንጻሩ ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበት ወደብ (ፖርት) 119 ከ1024 በታች በመሆኑ እርሱን ለመክፈት እንደ ደንቡ የሩት ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ይህን የሚያከናውን አነስተኛ ረዳት ፕሮግራም አብሮ ስለሚመጣ፣ ሁሉንም ነገር በሩት ማስኬድ ለደኅንነት አደገኛ ከመሆኑም በላይ አላስፈላጊ ነው።

የውይይት ቡድኖች ዝርዝር የሚገኝበት አክቲቭ ፋይልም ኮንትሮልና ጀንክ የተባሉትን ቡድኖች መያዝ አለበት። ኢንቼክ የተባለው መሣሪያ የማዋቀሪያ ፋይሎችንና የፋይል ፈቃድ ስሕተቶችን ስለሚጠቁም ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ቢሄድ መልካም ነው።

ሰርቨሩ እየሠራ አንባቢዎች ግን መግባት ካልቻሉ፣ ቴልኔት በተባለው የመገናኛ ፕሮግራም ወደ ወደብ 119 ገብቶ መልሱን ማየት ይበቃል፦ 200 መጻፍም እንደሚቻል፣ 201 ማንበብ ብቻ እንደተፈቀደ ያመለክታል፤ 502 ከመጣ የአንባቢዎችን ፈቃድ የሚወስነውን ፋይል መመርመር ያስፈልጋል።