ለመኪና መሪ ስቱኮ አታስነኩ
የአባቴ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ናት። መሪዋ ክንዱ ከቀለበቱ ጋር በሚገጥምበት ሁሉ ተሰነጣጥቆ ነበር። ፕላስቲኩ በዕድሜና በፀሐይ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ስለዚህ ይፈነዳል።

መንቀሉ ቀላል ነው። ባትሪውን ፍቱ፣ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ፣ የክላክሱን ክዳን አንሱ፣ ዘንጉና መሪው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ዳዶውን በ27 ቁልፍ አላሉት። ጨርሳችሁ ግን አታውጡት፤ መሪው ድንገት ሲለቅ ፊታችሁን ይመታችኋል።

ያቃጠለኝ ሙሌቱ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላለ አንድ ቀለም ቀቢ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ በኤፖክሲ ማጣበቂያ ቢሞላ አይሻልም?»

«አንተ ልጅ፣ ኤፖክሲ ለቧንቧ ነው!»

በስቱኮ፣ ቀለም ቀቢዎች ጎድጓዳ በሚለስኑበት ሙሌት፣ ደፍኖ ቀባልኝ፤ ፊት ያሳይ ነበር፣ አልዋሽም። ብዙም ሳይቆይ ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመለሰ። ስቱኮ ለፓራፋንጎ፣ ለጎማ መከለያው ቆርቆሮ፣ ይሆን ይሆናል፤ ቀን ከሌት የሚጎተትና የሚጠመዘዝ ቀለበት ላይ ግን ደርቆ ይሰበራል። ደግሞ ስንጥቁን ሳይከፍት ከላይ ነው የለሰነው፤ ዝገቱ ከሥር እንዳለ። ልከራከረው ስሄድ «ፀሐይ ላይ አቁመህ ነዋ!» አለኝ። መኪና ታዲያ አልጋ ሥር ይቆማል? ብሬንም አልመለሰ። ያንን ስቱኮ ፍቆ ማውጣት ከጠቅላላው ሥራ በላይ አድክሞኛል፤ ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ራሴ ሠራሁት። ስንጥቁን በብረት መጋዝ ምላጭ እስከ ብረቱ ድረስ አፉን አስፍቼ ከፈትኩ፣ ዝገቱን ፈግፍጌ በአልኮል ጠረግሁ፣ ሁለቱን የኤፖክሲ ቱቦዎች እኩል አዋህጄ ከፍ አድርጌ ሞላሁ። ማሸጊያው በ24 ሰዓት ይደርቃል ይላል። አትመኑት! የሐምሌ ብርድ ኤፖክሲን ያዘገየዋል፤ አንድ ሳምንት ተዉት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ቁጥር 80 ጀምሮ እስከ ለስላሳው 400፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ። ቀለሙን ግን ክረምቱ ሳይወጣ አትርጩ፤ እርጥበቱ ያበላሸዋል።

ብዙ ሰው የቆዳ ሽፋን አልብሰው ይለኛል፤ ስንጥቁ ከሥር እየሰፋ መሄዱን ላለማየት ካልሆነ ምን ሊጠቅም? ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ አሮጌ መሪ ስትገዙ ደግሞ የተሰነጠቀውን ምረጡ። አብረቅርቆ የተቀባው ውስጡ ምን እንደታጨቀ ሻጩም አያውቅ።