የአባባን ዜማ በስልክ ስቀዳ

መጀመሪያ የሞከርኩት በዐቢይ ጾም ነው። ስህተቱም የጀመረው ከዚያው ነው።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት ሲቆሙ የኖሩ ደብተራ ናቸው። አቋቋሙን፣ በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚዜምበትን ስልት፣ የተማሩት ጎንደር በዓታ ነው። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ ሌሊቱን መቆም ትተዋል። እኔም ድምፃቸው ሳይደክም ልቅዳው ብዬ ተነሳሁ። ከበሮውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ፣ አቧራውን ጠርጌ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ከበሮውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። "ልጄ፣ ደህና ነህ?" አሉኝ። የደብተራ ልጅ ሆኜ፣ በጾሙ ከበሮና ጸናጽል እንደማይነካ፣ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ብቻ እንደሚባል ረስቼዋለሁ! እማዬ ከጓዳ ሆና ሳቀችብኝ።

ከፋሲካ በኋላ ተመለስኩ። ይሄኛው ደግሞ በሌላ መንገድ ተበላሸ። ሃያ ምናምን ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሄጄ ነበር። "ማኅሌት ሲቆሙ ምን ይሰማዎታል?" አልኳቸው። "ደስ ይላል" ብለው ዝም። ሌላ ጠየቅኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን"፣ አሁንም ዝም። ጋዜጠኛ ሆንኩባቸው መሰለኝ። ወረቀቱን አጥፌ መቋሚያቸውን ከበሩ ጥግ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ገና ሲይዙት ትከሻቸው በቀስታ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ። ዝማሜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው! በተማሪነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ሲለምኑ ውሻ የነከሳቸውን ቦታ ሱሪያቸውን ሰብስበው አሳዩኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። በዜማ መጽሐፉ፣ በድጓው ላይ፣ ከቃሉ በላይ የሚቀመጡትን ጥቃቅን ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ድፋቱን፣ በጣታቸው አየር ላይ እየጻፉ በድምፃቸው አሰሙኝ። ርክርክ የሚባለው ምልክት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቶሎ ቶሎ እያለ ወረደ። "ይቺን ለማስተካከል ስንት ቀን እንዳለቀስኩ" አሉ። ከወረቀቴ ላይ አንዷም ጥያቄ ይህን አታወጣም ነበር።

ቅጂው ግን ቀሽም ወጣ። ስልኩን ያስቀመጥኩት ከበሮው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲመቱት ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ የሚሰማው ድው ድው ብቻ። መሃል ላይ ደግሞ ተደውሎልኝ ተቋረጠ። በሚቀጥለው ስልኩን ትራስ ላይ አደረግኩት፤ አራት እርምጃ ያህል አራቅኩት፤ ኔትወርኩን ዘጋሁ። አንድ ደቂቃ ቀድቼ በኤርፎን ከሰማሁ በኋላ ነው የቀጠልኩት። ማይክ ልገዛ አስቤ ነበር፣ አላስፈለገም።

ያልጠበቅኩት እማዬን ነው።

ጥቅምት ላይ አባባ የጽጌን ወቅት ዜማ፣ ማኅሌተ ጽጌውን፣ እያዜሙልኝ ድንገት ቆሙ። ቀጣዩ ጠፋባቸው። እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ቀና እንኳን ሳትል ቃሉን ሰጠቻቸውና መቁላቷን ቀጠለች። ሁለታችንም ዞረን አየናት። እማዬ የቆሎ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ ባለው የ40 ቀን ጽጌ፣ ሰንበት በመጣ ቁጥር ሌሊቱን እኛን በጋቢ ጠቅልላ፣ በሴቶቹ በኩል ግድግዳ ተደግፋ ስትሰማ ነው የኖረችው። የግእዙን ትርጉም ሁሉ አታውቀውም። የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ከበሮው የት ላይ እንደሚፈጥን ግን ታውቃለች። "ከበሮ የሚመታበት ወረቡ ሲደምቅ አንተ ብንን ትል ነበር። እህትህ እስከ ቅዳሴ አትነቃም" አለችኝ።

ይኼኔ ስልኩን ወደ እሷ አዞርኩት። ለስንት ወር አባባን ስከተል እሷን አንድም ቀን አለመጠየቄ ያሳፍራል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን የተከፈለ ነው፤ እሷም የዕለቱን ወጥ እየሠራች በቃሏ ትደግማለች። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስኩ። የማክሰኞው ላይ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሰማል፤ ተውኩት።

ፋይሎቹን መጀመሪያ በቀን ቁጥር ሰይሜያቸው ነበር። እህቴ አንዱንም ማግኘት አልቻለችም። አሁን ስማቸው "ጽጌ፣ አባባ የረሱበት" እና "ማክሰኞ፣ ሽንኩርት" ነው። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አለ።

አንድ ነገር ግን ቆርጬ ነበር። አባባ ወረቡን ሲጨርሱ እማዬ እልልታዋን አቅልጣው ድምፁ ተሰነጣጠቀ። ጆሮ ያማል። ቆረጥኩትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጸዳውን ይዤላቸው ሄድኩ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻ ሰሙ። ሲያልቅ ገልጠው አዩኝ።

"እልልታውስ?" አሉ።

ፍላሹ ቤት ነበር። ልብሴን ሳልቀይር ተመልሼ ሄድኩ።