የተማሪዎችን ዝርዝር በክፍል፣ በውጤትና በስም እንዴት እንደደረደርኩ

ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ስሠራ ርዕሰ መምህሩ እንዲህ አሉኝ፦ ዝርዝሩ በክፍል ይሁን፣ በየክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ይቅደም፣ እኩል ያመጡት ደግሞ በስም ፊደል ተራ ይግቡ። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍል፣ ውጤትና የምዝገባ ቀን የያዘ ኦብጀክት (የአንድን ተማሪ መረጃ በአንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ነው።

ፓይተን ሁለት ተማሪዎችን ሰጥተው ደርድር ቢሉት የቱ እንደሚቀድም አያውቅም፤ ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። የተማሪ ኦብጀክት የሚሠራበት ንድፍ በሆነው ክላስ ውስጥ የማነጻጸሪያ ሜተድ (ክላሱ የሚይዘው የሥራ ኮድ) ጽፎ ማሳወቅ ይቻላል፤ እኔ ግን ይህን መንገድ አልመርጥም። ተማሪ ከተማሪ በምን ያንሳል? ዛሬ በውጤት፣ ነገ በስም ይፈለጋል። ስለዚህ ለሶርት፣ ማለትም ለፓይተን መደርደሪያ፣ «ኪ» የሚባለውን ፈንክሽን (ለመደርደር የሚነጻጸረውን ዋጋ የሚመልስ ትንሽ ኮድ) ሰጠሁት። ፈንክሽኑ የእያንዳንዱን ተማሪ ክፍል፣ ውጤትና ስም በቱፕል (ተራቸውን ጠብቀው በተቀመጡ ዋጋዎች ስብስብ) ይመልሳል። ቱፕል ከግራ ጀምሮ ስለሚነጻጸር ክፍሉ ይቀድማል፤ ውጤቱን ኔጌቲቭ ሳደርገው 95 ያመጣው ከ80 በፊት ይወጣል። ላልተፈተኑት ከውጤቱ በፊት «ውጤት የለውም» የሚል እውነት/ሐሰት ጨመርኩ፤ ሐሰት ከእውነት ስለሚቀድም ያልተፈተኑት ከክፍላቸው መጨረሻ ይሰለፋሉ።

ብዙ ያሳሰበኝ ስሙ ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ የሚጠቀምበት የቁጥር ሥርዓት) ፊደላችንን ያስቀመጠው በሀሁ ተራ ስለሆነ ተራ ሶርት አብዛኛውን ስም በትክክል ይደረድራል። ነገር ግን ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ከረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሠላማዊትና ሰላማዊት መካከል ረድኤት ትገባለች። ሃይሉ ከዝርዝሩ አናት ሲሆን ኃይሉ ከቸ በኋላ ይወርዳል። በስልክ ስም ሰምታ የምትፈልግ ጸሐፊ የት ታግኘው? ለዚህ ኪው ውስጥ ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነቤተሰቦቻቸው የሚመልስ ሠንጠረዥ አስገባሁ፤ ሀና ሃን፣ አና ኣንም አንድ አደረግኩ። ኦብጀክቱ ውስጥ ያለው ስም አይነካም። ወላጅ በኃ ያስመዘገበው ልጅ ሰርተፍኬቱ ላይም በኃ መጻፍ አለበት፤ በዚህ አልደራደርም።

በኋላ በየክፍሉ አዲስ የተመዘገበ ይቅደም የሚል ጥያቄ መጣ። ቀንን እንደ ቁጥር ኔጌቲቭ ማድረግ አይቻልም። የፓይተን ሶርት ግን፣ ቲም ፒተርስ በ2002 እ.ኤ.አ. ከሠራው ቲምሶርት የተባለ የአደራደር ዘዴ ጀምሮ፣ እኩል የሆኑትን የነበሩበትን ተራ ሳያዛባ ይተዋቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በምዝገባ ቀን ከአዲሱ ወደ አሮጌው ደረደርኩ፣ ቀጥሎ ያንኑ ዝርዝር በክፍል። ሁለት መስመር ኮድ በቃው፤ የተማሪ ክላሱን አንድም ቦታ አልነካሁም።