ዕቁባችን ሮም ሲሄድ፦ ከሻንጣ በፊት ሰዓት

ዕቁባችን ዘጠኝ ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን የምንሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው፤ የምንሰበሰበው ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ፒያሳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕጣ ሳናወጣ አጠራቀምንና በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሮምን ለስምንት ቀን አይተን ተመለስን። የዕቁቡ ዳኛ እኔ ስለሆንኩ ወረቀቱም ጭንቀቱም እኔ ጋ ነበር። አሁን ሌሎች ማኅበሮች እየደወሉ ይጠይቁኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው።

ቀኑን አስቀድሙ። የሼንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው፣ እንግሊዝን ግን የማይጨምረው) መልስ በደንቡ በ15 ቀን ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን ወደ 45 ቀን አራዘመው። በዚያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀረ። “ለንደን ያለችውን እህቴን አይቼ ልመለስ” የምትል ካለች ቀድማ ትወቀው፤ ከሼንገን ከወጡ በኋላ በዚያው ቪዛ መመለስ የለም። እኛ ጥር 26 አስገባን። የመጨረሻዋ ፓስፖርት እጃችን የገባችው ለጉዞው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። እነዚያን ሳምንታት እንቅልፍ አልነበረኝም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቻላልና እባካችሁ እንደኛ አትዘግዩ።

የቀረው ይታወቃል፦ ለአዋቂ 90 ዩሮ ክፍያ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ከመመለሻ ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቆይ ፓስፖርት። በቡድን ብትሄዱም አሻራ የምትሰጡት እያንዳንዳችሁ በአካል ቀርባችሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አንዷ ጓደኛችን የጋብቻ ወረቀቷን አስተረጎመች። ተርጓሚው የልደት ዘመኗን 1958 እንዳለ 1958 ብሎ ጻፈው። ፓስፖርቷ ላይ ያለው 1966 ነው። ወረቀቷን ለሚያይ ሰው ሁለት የተለያዩ ሴቶች ሆነች ማለት ነው። ያየሁት ልናስገባ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው፤ እንደገና ትርጉም፣ እንደገና ማኅተም። ስለዚህ የተተረጎመ ወረቀት ሁሉ ከፓስፖርት ጋር ጎን ለጎን ተይዞ፣ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ይነበብ። ለዚህ ዓይኗ ጥሩ የሆነ አንዲት ሴት መድቡ።

ምግብ። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ ወደ ኅብረቱ አገሮች መግባት ክልክል ነው። ልጇ ሮም የምትኖር አንዲት እናታችን ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ ጠቅልላ ነበር። ከሻንጣዋ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፊቷ እስካሁን አይረሳኝም። እኛ ቆሎና በሶ ይዘን ገባን፣ ማንም አልከለከለን። ወሩ ዐቢይ ጾም ስለነበር ፒዛ ማሪናራ አዳነን፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ቅመም ብቻ ነው፣ ፎርማጆ የለውም። “ቬጀቴሪያን” ካላችሁ እንቁላልና አይብ ሊመጣ ይችላል። “ቪጋን” በሉ።

ነጠላ ያዙ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አያስገባም። ጫማ ደግሞ የለመዳችሁትን፤ የሮም መንገድ ኮብልስቶን ነው፣ በአዲስ ጫማ አይቻልም። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ የሚጠጣ ቧንቧ አለ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሐሙስ ወደ ቫቲካን ሙዚየም ልንሄድ አስጎብኚው “ሰቨን ሰርቲ” አለ። ያስተረጎመችን ልጅ “አውቶቡሱ ሰባት ተኩል ይነሳል” አለች። ሰባት ተኩል ለእኛ ጆሮ ከምሳ በኋላ ነው። ሁለት እህትማማቾች ጸሎታቸውን አድርሰው መልሰው ተኙ። የሙዚየሙ ትኬት ደግሞ የመግቢያ ሰዓት የተቆረጠለት ነው። አርፍደን ደርሰን፣ በር ላይ ለምነን ነው የገባነው። ልጅቷ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ከቦሌ ስንነሳ ተስማምተን መውጣት ነበረብን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጠሮ ሁሉ በወረቀት ሆነ፤ በሁለቱም አቆጣጠር፦ “7:30፣ በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል።” የእጅ ሰዓቶቻችንንም በሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ሞላን።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። አውሮፓ በፈረንጆቹ መጋቢት የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። በእኛ መጋቢት 21 ዋለ። እሑድ ጠዋት ደግሞ አሲሲ ወደምትባል ከተማ ልንሄድ ነው። ቅዳሜ ማታ በየክፍሉ እያንኳኳሁ የሁሉንም ሰዓት አንድ በአንድ ወደፊት አዞርኩ። የቡድናችን ትልቋ እጇን ዘርግታ፣ ሰዓቷን ሳትፈታ አስተካከልኩላት። በማግስቱ ወደ አውቶቡሱ ስወርድ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣ ነበር።