አያቴ መሬት ያገኙበት ዓመት

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ አያቴ ጎንደር ውስጥ ባለችው የአምቦበር መንደር አጠገብ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን መሬት አረሱ። ለቤተ እስራኤል፣ ለእኛ ለኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ርስት አይገባም በሚባልበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ደርግን ስወቅስ እንኳ ይህን አልክድም።

ደስታው ግን አልሰነበተም። መሬት የተወሰደባቸው ባላባቶች ቂማቸውን በደካማው ላይ ተወጡ። ቀጥሎም የአብዮቱ ሹማምንት ዕብራይስጥ ማስተማርን ከለከሉ፤ ወደ እስራኤል ለመሄድ ያሰበ እንደ ከሃዲ ተቆጠረ። አባቴ በዚህ ታስሮ ውስጥ እግሩ ተገረፈ።

ከተፈታ በኋላ ቤተሰቦቼ በሌሊት ወደ ሱዳን ወጡ። ሸክላ ሠሪዋ እናቴ ጎረቤት እንዳይጠረጥር እንስራዎቿን ከነውኃቸው ትታ ሄደች። በኡም ራኩባ መጠለያ ማንነታቸውን ደበቁ። እምነታችን በሰንበት እሳት ማንደድን ይከለክላል፤ ያን ቀን ጭስ የማይታይበት ጎጆ ግን ያስጠረጥራልና፣ እናቴ እያለቀሰች እሳት አነደደች። ይህን ስታወራ ዛሬም ድምፅዋ ይሰበራል። አያቴ እዚያው አረፉ፤ በመንገድና በመጠለያ ካለቁት 4,000 ያህል ሰዎች አንዱ ናቸው።

ወላጆቼን ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ያወጣው የሙሴ ዘመቻ በ1977 ዓ.ም. ከ8,000 ገደማ ሰዎች ጋር ወደ እስራኤል አመጣቸው። ልጆቻችን ስለ አውሮፕላኖቹ ብቻ ሲነገራቸው ያናድደኛል። እስከ ሱዳን ድረስ ሕፃናትና ሽማግሌዎችን ይዘው የተጓዙት፣ መንገዱንም የመሩት የእኛው ሰዎች ነበሩ።